ደመወዝዎ የት ገባ?
ስለ ግብር፣ ስለ ቢል፣ ስለ ብድርና ስለ ዋስትና ለሚነሡ የቤት ጥያቄዎች የቀረበ መልስ

ገንዘብ ማግኘት አንድ ሙያ ነው፤ የተገኘውን ገንዘብ ማስተዳደር ግን ሌላ ሙያ ነው። ለመጀመሪያው ሙያ ሰው ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ በትምህርት ቤት ይደክማል። ሁለተኛውን ግን የሚያስተምረው ስለማይገኝ፣ አብዛኛው ሰው የሚማረው ከተጐዳ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ! እርስዎ ገና በተማሪ ቤት ያሉ እንደ ሆነ ነገ፣ በመሥሪያ ቤት የተቀጠሩ እንደ ሆነ ደግሞ ዛሬ፣ ወር በደረሰ ቁጥር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሐዘን መግለጫ ሆኖ እንዳይቀር፣ በእርሳስና በወረቀት መልስ እንፈልግለት።

ከደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ምንድን ነው?

በቅጥር ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ደመወዝና እጅዎ የሚገባው ደመወዝ አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ሁለት ነገሮች ቆመዋል፤ አንዱ የገቢ ግብር፣ ሁለተኛው የጡረታ መዋጮ ነው። ሁለቱንም ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ቀንሶ ገቢ ያደርጋል።

ግብሩ የሚሰላው በደረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የማሻሻያ አዋጅ ግን ይህ ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ ያለው እንደሚከተለው ይከፈልበታል። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር ያለው 15 ከመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ያለው 20 ከመቶ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ያለው 25 ከመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ያለው 30 ከመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 ከመቶ ነው።

ደመወዝዎ 11,500 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። የሚቀጥለው 2,000 ብር በ15 ከመቶ 300 ብር ይከፍላል። የሚቀጥለው 3,000 ብር በ20 ከመቶ 600 ብር፤ ከዚያ የሚቀጥለው 3,000 ብር በ25 ከመቶ 750 ብር፤ የቀረው 1,500 ብር በ30 ከመቶ 450 ብር ይሆናል። ሁሉም ሲደመር ግብሩ 2,100 ብር ነው። የጡረታ መዋጮው 7 ከመቶ ስለሆነ 805 ብር ይቀነሳል። እንግዲህ እጅዎ የሚገባው 8,595 ብር ነው ማለት ነው።

ይህን ስሌት አንድ ቀን በገዛ እጅዎ ይሥሩት። ከዚያ በኋላ ቤትዎን ሲያቅዱ 11,500 የሚለውን ቁጥር ይርሱት። የእርስዎ ደመወዝ 8,595 ብር ነው። ብዙ ቤት የሚናጋው በደብዳቤው ቁጥር ታቅዶ በኪሱ ቁጥር ስለሚኖር ነው።

«ዕድገት ባገኝ ግብሩ አይበላብኝምን?»

ይህ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። አንዳንድ ሰው ትንሽ ጭማሪ ከፍ ወዳለው የግብር ደረጃ ስለሚያሻግረው ከፊተኛው ያነሰ ገንዘብ እቤቱ የሚያስገባ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው ከወሰኑ በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ በደመወዙ ሁሉ ላይ አይደለም።

10,000 ብር ያገኝ የነበረ ሠራተኛ ግብሩ 1,650፣ ጡረታው 700 ብር ሆኖ 7,650 ብር ይደርሰዋል። መቶ ብር ቢጨመርለትና ደመወዙ 10,100 ቢሆን፣ ግብሩ 1,680፣ ጡረታው 707 ብር ይሆንና 7,713 ብር ይደርሰዋል። ከመቶው ብር 63ቱ እቤቱ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ግብርን ፈርቶ ዕድገትን የሚሸሽ ሰው ቢኖር፣ የሚሸሸው ከጥላው ነው።

ስለ ጡረታ መዋጮም አንድ ነገር እንበል። ወጣት ሠራተኛ ይህን ቅናሽ እንደ ጠፋ ገንዘብ ይቆጥረዋል። ነገር ግን እርስዎ 7 ከመቶ ሲያዋጡ ቀጣሪዎ 11 ከመቶ ይጨምርበታል። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ የእርስዎ 805 ብርና የቀጣሪው 1,265 ብር ተደምሮ በየወሩ 2,070 ብር ለጡረታዎ ገቢ ይሆናል። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥርዎንና የአገልግሎት ማስረጃዎን፣ ሥራ በለወጡ ጊዜ ሁሉ፣ በጥንቃቄ ያስቀምጡ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ለተማሪዎች አንድ ቃል

በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ አንባቢዎች ደግሞ ገና አንድ ብር ሳያገኙ ባለዕዳ መሆናቸውን ማወቅ ይገባቸዋል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ የትምህርቱን ወጪ ከመንግሥት ጋር ይጋራል። በየዓመቱ የሚፈርሙበት የወጪ መጋራት ቅጽ የዕዳ ውል ነው። በሥራ ላይ ሲሰማሩ ከደመወዝዎ ላይ እየተቀነሰ ይከፈላል። ስለዚህ የፈረሙበትን ቅጽ ቅጂ ይያዙ፤ የከፈሉበትንም ደረሰኝ አንድ በአንድ ያኑሩ። ከዓመታት በኋላ «ከፍያለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ማሳየትም ያስፈልጋል።

በሱቅ ውስጥ የሚከፈል ግብር

ግብር የሚከፈለው በመሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። ጫማ ሲገዙ፣ ምሳ ሲበሉ፣ ስልክ ሲያስጠግኑ የሚከፈል ግብር አለ፤ ይህም የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ ቫት የሚባለው ነው። መጠኑ 15 ከመቶ ነው። ይህን ግብር ሊሰበስብ የሚችለው ለዚሁ የተመዘገበ ነጋዴ ብቻ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው «ቫት ጨምር» ቢልዎ መብት የለውም።

በዋጋው ውስጥ ያለውን ቫት ለማወቅ ሲፈልጉ የጠቅላላውን 15 ከመቶ እንዳያወጡ ይጠንቀቁ። ጠቅላላው 2,300 ብር ከሆነ ለ1.15 ያካፍሉት፤ 2,000 ብር ይመጣል። ቫቱ 300 ብር ነው እንጂ 345 አይደለም።

«ያለ ደረሰኝ ብትገዛ እቀንስልሃለሁ» የሚል ሻጭ ያጋጥምዎ ይሆናል። ቅናሹ ያጓጓል። ነገር ግን ዕቃው በሳምንቱ ቢበላሽ፣ ከዚያ ሱቅ ለመግዛትዎ ምን ማስረጃ ይኖርዎታል? ደረሰኝ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የገዢም ጠበቃ ነው።

የቤት ኪራይና የመብራት ሂሳብ

ለወጣት ሠራተኛ ትልቁ ወጪ የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ዋና ዋና ነጥቦች ይያዙ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ኪራዩንም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መክፈል ለእርስዎ ይበጃል፤ እያንዳንዱ ክፍያ በራሱ ማስረጃ ይሆናልና።

«አከራዬን በሕግ ብናገረው ይቀየመኝ ይሆን?» ይሉ ይሆናል። ሕግን የሚጠቅሱት ለጠብ አይደለም። ገና ሲገቡ በትሕትና «እባክዎን ውሉን እናስመዝግብ» ማለት፣ ከስድስት ወር በኋላ በደጅ ዕቃ ተሸክሞ ከመከራከር ይሻላል።

የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ጠቅላላውን ብቻ አይቶ ከመደንገጥ ሁለት ቁጥሮች ይመልከቱ፤ የቀድሞ ንባብና የአሁን ንባብ የሚሉትን። የቀድሞው 4,310፣ የአሁኑ 4,430 ከሆነ የተጠቀሙት 120 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚያ ወጥተው ቆጣሪዎን ያንብቡ። ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ካለው «የአሁን ንባብ» ያነሰ ከሆነ፣ ንባቡ በግምት የተሞላ ወይም የተሳሳተ ነውና ቁጥሩን ፎቶግራፍ አንሥተው አገልግሎት ወደሚሰጠው ቢሮ ይሂዱ። ይህን ለማድረግ ሂሳቡ ለብዙ ወራት እስኪከማች አይጠብቁ።

የመብራት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ስለሆነ፣ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ የሚጠቀምበት ግቢ ሂሳቡ የሚከብደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ዋናው በላተኛ አምፖል ሳይሆን ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 10 ዋት አምፖል ይህን ያህል ለመፍጀት 700 ሰዓት መብራት አለበት። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ምጣድ ከማጋል፣ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ይጠቅማል።

ደመወዝ የሌለው ወር

ዓመታችን አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ደመወዛችን ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ጳጉሜን ባዶ እጁን ይመጣል። እርሱን ተከትሎ ደግሞ እንቁጣጣሽ፣ የልጆች ወይም የታናናሾች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ብዙም ሳይቆይ የመስቀል በዓል ይመጣል። ብዙ ሰው በዓመቱ ውስጥ ከባዱን ብድር የሚበደረው በዚህ ሰሞን ነው። የሚያስገርመው ግን ጳጉሜን ሳይታሰብ የመጣበት ዓመት የለም። ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ 300 ብር ለብቻ የሚያስቀምጥ ሰው፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ 3,300 ብር ይኖረዋል። በዓሉን በሙሉ ባይሸፍንለት እንኳ ከአበዳሪ ደጅ ያስቀረዋል።

ብድር፦ ከማን፣ በስንት?

አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ተርተዋል። ይህ ማለት ብድር ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ሕመምተኛን ለማሳከም፣ ሥራ የሚያስገኝ ዕቃ ለመግዛት፣ ትምህርት ለመጨረስ መበደር ይገባ ይሆናል። ነገር ግን ከመበደርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «በዓመት ሲሰላ የዚህ ገንዘብ ዋጋ ስንት ነው?»

ዕቁብን እንመልከት። አሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጠበ። የዕቁብ ችግሩ ያለው በሰዎቹ ላይ ነው፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው መጣሉን ቢያቆም ሌላው ይጐዳል። ስለዚህ ዳኛውንና ጸሐፊውን የማያውቁት፣ ለቀደመ ወሳጅም ዋስ የማይጠይቅ ዕቁብ ውስጥ አይግቡ።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ መልካም በር ናቸው። አባሉ አስቀድሞ ይቆጥባል፤ በቁጠባው ልክ ተመዝኖ ይበደራል፤ ክፍያውም ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል። በተቀጠሩበት የመጀመሪያ ወር ይመዝገቡ፤ ችግር ከመጣ በኋላ የሚመዘገብ ሰው ቁጠባ የለውምና።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ መላና እንደኪሴ የተባሉት የብድር አገልግሎቶች ከታከሉበት ወዲህ፣ ብድር በስልክ የሚገኝ ነገር ሆኗል። ምቾቱ አይካድም። አደጋው ግን ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይመጣል። በማናቸውም የስልክ ብድር ላይ የተጻፈውን ክፍያ ያንብቡ። ለምሳሌ 1,000 ብር ወስደው በ30 ቀን 1,060 ቢመልሱ፣ ስድሳው ብር ቀላል ይመስላል። ይህንኑ ብድር በየወሩ እያደሱ ዓመት ቢቆዩ ግን 720 ብር ከፍለዋል፤ ዋናው 1,000 ብር ደግሞ እንዳለ ነው። ይህ በዓመት 72 ከመቶ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከሁሉ የከፋው አራጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ የገንዘብ ብድር ከዓመት 12 ከመቶ የበለጠ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። አራጣ አበዳሪ ግን በወር 10 ከመቶ ይጠይቃል። በ10,000 ብር ላይ የሕጉ ጣሪያ በዓመት 1,200 ብር ሲሆን፣ የአራጣው 12,000 ብር ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን በወረቀት ላይ አያሳይም፤ አሥር ሺህ ሰጥቶ ሃያ ሺህ እንደሰጠ ያስፈርማል፤ ወይም ባዶ ቼክ ይቀበላል። በሂሳብዎ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መስጠት በራሱ ወንጀል መሆኑን አይርሱ። ስለዚህ ያልተቀበሉት ገንዘብ በተጻፈበት ወረቀት ላይ፣ ቁጥርና ቀን ባልተሞላበትም ቼክ ላይ፣ የቱንም ያህል ቢቸገሩ አይፈርሙ።

ለወዳጅ ሲያበድሩም ወረቀት ያስፈልጋል። በዚያው ሕግ መሠረት ብድሩ ከ500 ብር በላይ ሲሆን፣ ተበዳሪው ካላመነ ወይም በፍርድ ቤት መሐላ ካልተፈጸመ በቀር፣ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው። ወረቀቱ የወዳጅነት ጥርጣሬ ሳይሆን የወዳጅነት ጠባቂ ነው።

«ዋስ ሁነኝ» ሲባሉ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የሥራ ባልደረባዎ፣ ወይም የአክስትዎ ልጅ፣ አንድ ቀን «ፊርማ ብቻ ነው» ብሎ ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ነገር ግን ሕጉ ፊርማዎን «ብቻ» ብሎ አይመለከተውም።

የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ መጠኑ ያልተሞላ ቅጽ ሲሰጥዎ «በኋላ እንሞላዋለን» ቢባሉም አይፈርሙ። ደግሞም ውሉ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ የሚያደርግዎ መሆን አለመሆኑን ያንብቡ። እንደዚህ ከተባለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይከስ በቀጥታ እርስዎን መክሰስ ይችላል። እርግጥ የከፈለ ዋስ ገንዘቡን ከተበዳሪው የመጠየቅ መብት አለው። ነገር ግን ባንኩ ሊያገኘው ያልቻለውን ሰው እርስዎ የት ያገኙታል?

በቁጥር እንየው። ለ200,000 ብር ዋስ ሆኑ፤ ተበዳሪው አገር ጥሎ ሄደ እንበል። ከ8,595 ብርዎ ላይ በወር 2,000 ብር ቢከፍሉ፣ ወለዱ ሳይታሰብ፣ ዕዳው የሚያልቀው በመቶ ወር ነው። ይህ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ነው። ያልበሉትን፣ ያልለበሱትን፣ ያልነዱትን ገንዘብ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ባለ ትዳር ከሆኑ ደግሞ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ለዚያ ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ሆኖም ሕግ ቢያዝም ባያዝም፣ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የትዳር ጓደኛን ማማከር ይገባል።

ታዲያ እንዴት እምቢ ይባላል? እንዲህ ይበሉ፦ «ወንድሜ፣ ያንተን ዕዳ ልከፍል የምችልበት አቅም የለኝም። የምችለውን ግን እረዳሃለሁ።» ከዚያም አቅምዎ የሚፈቅደውን፣ አምስት መቶም ቢሆን፣ ይስጡት። የሰጡት ገንዘብ ቢጠፋ የሚጠፋው የሰጡት ብቻ ነው። የፈረሙት ግን የት እንደሚያቆም አይታወቅም። ዋስ መሆን የሚገባው፣ ገንዘቡን ከኪስ ለመክፈል ቢገደዱ እንኳ ቤትዎ የማይፈርስበት መጠን ሲሆን ነው።

ዕዳ ከበዛስ?

ዕዳ የበዛበት ሰው ወረቀት ይያዝ። በአንድ በኩል የአበዳሪውን ስም፣ ቀጥሎ ዋናውን ገንዘብ፣ ቀጥሎ በወር የሚከፍለውን ወለድ ይጻፍ። የቤት ኪራይና መብራት የሚያስቆርጠውን ሂሳብ አስቀድሞ ይክፈል፤ ማደሪያ ያጣ ሰው ሥራውንም ያጣልና። ለሁሉም አበዳሪዎች ትንሹን ክፍያ ይስጥ። የተረፈችውን ግን ወለዱ ከሁሉ በሚበልጠው ዕዳ ላይ ያሳርፍ፤ መጠኑ በሚበልጠው ላይ ሳይሆን። ያ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሻገር። አንዱን ብድር ለመክፈል ሌላ ብድር የሚወስደው፣ አዲሱ ከአሮጌው የረከሰ ወለድ ሲኖረው ብቻ ነው። ከአበዳሪም አይደበቅ፤ ቀኑ ሳያልፍ ሄዶ «ጊዜ ስጡኝ» የሚል ሰው፣ ስልኩን ከሚዘጋ ሰው የተሻለ ይሰማል።

አንባቢ ሆይ! ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ወደ ገበያ ከመግባትዎ በፊት፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እጅዎ የገባውን ገንዘብ ይጻፉ። ከሥሩ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ ዕቁቡን፣ ዕዳውንና የጳጉሜንን ተቀማጭ ይቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው፤ ወሩንም የሚኖሩት በእርሱ ነው።